ይህን ደብዳቤ ሆን ብዬ በአማርኛ ጻፍኩት

ሜሪላንድ ለሚገኘው የካውንቲያችን የትምህርት ቦርድ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣

በአማርኛ የጻፍኩላችሁ እንግሊዝኛ አጥሮኝ አይደለም። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ከባንኩም ከፖሊሱም ጋር እግባባለሁ። ከልጆቼ ትምህርት ቤት የሚመጣው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባኛል። እስቲ ዛሬ እናንተም ቅመሱት ብዬ ነው። አስተርጓሚ ካጣችሁ እኛ ቤት እንደሚደረገው አድርጉ። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠርታችሁ «ይሄ ምን ይላል?» በሉት።

ጉዳዬ ኤፒ ነው፤ አድቫንስድ ፕሌስመንት የሚሉት፣ ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጠው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት።

ታላቋ ልጄ ሃይስኩል ስትገባ እኔ ዲሲ ፓርኪንግ የማታ ሺፍት ነበርኩ። ሌሊት ቤት ስገባ የኮርስ መምረጫው ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀኛል። እስክሪብቶው ሳይቀር ላዩ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት «አባዬ፣ ዝም ብለህ ፈርም፣ ሁሉም ወላጅ ነው የሚፈርመው» አለችኝ። ፈረምኩ። እሷም ከእኔ የተሻለ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ሴሚስተር ደወለች። «አባ፣ ሩምሜቴ እኮ ሳይኮሎጂ አትወስድም። ሃይስኩል ጨርሳዋለች።» እንዴት ተደርጎ? ኤፒ ወስዳ፣ ፈተናውን አልፋ። የኔ ልጅ ለዚያው ኮርስ ብድር ተበድራለች።

ለሁለተኛው ነቃሁ። ኮርስ የሚያማክረው የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ጋ ራሴ ሄድኩ፤ ልጁ ኤፒ ታሪክ ተመዘገበ። ዓመቱን ሙሉ እኩለ ሌሊት እየደረሰ አጠና። ኤ አገኘ። እኔማ ለዘመድ ሁሉ ደውዬ አውርቻለሁ። ግንቦት ሲደርስ ልጁ ለፈተናው አልተመዘገበም ተባለ። ምዝገባው ኅዳር ላይ አልቋል። ኢሜይል ተልኮልኝ ኖሯል፤ ከፒዛ ማስታወቂያና ከመኪና ኢንሹራንስ መሀል ተቀብሮ አገኘሁት።

ለካስ ክሬዲቱ፣ ማለትም ኮሌጅ ኮርሱን እንደተወሰደ የሚቆጥርበት ነጥብ፣ የሚገኘው በክፍል ውጤት ሳይሆን በፈተናው ነው! ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም። የማውቃቸው ብዙ ሐበሻ ወላጆች ዛሬም ድረስ ኤፒ ክፍል የገባ ልጅ ክሬዲቱን ያገኘ ይመስላቸዋል።

ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ ወላጆችም ላስረዳ። የኤፒ ፈተና የሚሰጠው በግንቦት ነው፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 ያመጣን የሚቀበል ኮሌጅ አለ፤ 4 ወይም 5 ካልሆነ የሚልም አለ። እንደ ዳርትማውዝ ያለው ደግሞ ለኤፒ ክሬዲት መስጠት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ልጁ ሊገባበት ያሰበውን ኮሌጅ ድረ ገጽ ማየት ነው። አንድ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 3 ክሬዲት ይይዛል፤ ለዲግሪ 120 ያህል ያስፈልጋል። አምስት ኮርስ ይዞ የገባ ልጅ አንድ ሴሚስተር ቀነሰ ማለት ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ሃይስኩል እያሉ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ መውሰድ። ዱዋል ኢንሮልመንት ይሉታል። እዚያ ዋናው የኮርሱ ውጤት ነው፤ መጥፎ ካመጣም ኮሌጅ ድረስ ይከተለዋል። 2021 ላይ የጸደቀው የሜሪላንድ ብሉፕሪንት ሕግ መስፈርቱን ያሟላ ተማሪ ያለ ክፍያ እንዲማር መንገድ ከፍቷል። ነጻ ነገር ደጃችን ድረስ መጥቶ ሳናውቀው ሲያልፍ አያናድድም?

ነገሩ ለእኛ ከባድ ሆኖ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥም አንድ ሰሞን ፍሬሽማን ቀርቶ ትምህርቱ ወደ ፕሪፓራቶሪ ወርዶ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ነው የተመለሰው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ለእናቶች «ፍሬሽማንን ከወዲሁ ማቃለል ነው» ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

«በአማርኛም እኮ እንልካለን» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ዘንድሮ ደርሶኛል። ኤፒን «የላቀ ምደባ» ይለዋል። የላቀ ምደባ! እኔ የመምህራን ዝውውር መስሎኝ ነበር። እባካችሁ በኮምፒውተር የተተረጎመውን ከመበተናችሁ በፊት አንድ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ያንብበው። ኤፒን ኤፒ በሉት፤ ሁላችንም የምንጠራው እንደዚያ ነው።

የምጠይቀው ግማሽ ገጽ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ፣ ኮርስ ከመመረጡ በፊት ይድረሰን። ክፍሉና ፈተናው የተለያዩ መሆናቸውን፣ ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ፣ ዋጋውንና ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ቅናሽ መኖሩን ይናገር። በ2025 አንዱ ፈተና 99 ዶላር ነበር። ሦስት ኤፒ የወሰደ ልጅ ላለው ቤተሰብ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የፈተናውን ክፍያ ራሳቸው የሚሸፍኑ ካውንቲዎች አሉ፤ እናንተም አስቡበት። ኅዳር ከመግባቱ በፊት ደግሞ በስልካችን አጭር መልእክት ላኩልን። ኡበር የሚነዳ ሰው ኢሜይል የሚያየው እሑድ ነው፤ እሱም ካየ።

መልሳችሁን በእንግሊዝኛ ብትጽፉትም አልቀየምም። ትንሹ ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ያነብልኛል። የኮርስ መምረጫው ቅጽ በጥር ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስት ልጆች አባት