የትምህርት ቤቱ ማሻሻያ እቅድ ላይ ወላጅም ይጠራ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምጽፈው ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው፣ ልጄ እዚሁ የመንግስት ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል ነች። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሁላችንም ደነገጥን፣ ግን ችግሩ 12ኛ ክፍል ላይ አልተፈጠረም እኮ፣ ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ እነዚህ ቆርቆሮ ክፍሎች ገብታችሁ እዩ፣ ሙቀቱ ያፍናል፣ አንድ ዴስክ ላይ ተጨናንቀው ደብተሩ በላብ ይርሳል፣ መምህሩም ሰው ነው ይደክመዋል።

አሁን ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል ትምህርት ለትውልድ ተብሎ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ደስ ይላል እኔም አዋጣለሁ። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም የሚባለው ግን የሚጀምረው ራስን ከመገምገም ነው፣ መማር ማስተማሩ፣ ግቢው፣ አመራሩ፣ የህብረተሰቡ ተሳትፎ ተብሎ በአራት ይታይና ከዛ የሶስት አመት እቅድ ይወጣል። እኛ ጋ ወላጅ የሚጠራው ያለቀ ወረቀት ላይ ሊፈርም ነው። ለእርዳታ ድርጅት የተጻፈ ፕሮፖዛል አይቻለሁ፣ የትምህርት ጥራትን ማሻሻል ይላል በቃ፣ ስንት ክፍል ቬንትሌተር እንደሌለው፣ ስንት ልጅ ማንበብ እንዳቃተው፣ ብሩ ሲያልቅ ማን እንደሚጠግን አንድም ቃል የለበትም። ይሄን አይቶ ማን ብር ይሰጣል?

እባካችሁ ከክረምት በፊት ስብሰባ ይጠራ። ልጆቹን አንድ በአንድ እናስነብብና ቁጥሩን እንያዝ፣ በጀቱን ደግሞ ሂሳብ የሚያውቁ የባቡር ጡረተኞች ሰፈራችን ውስጥ አሉ፣ ብንጠይቃቸው ይሰሩልናል።

አንድ ወላጅ፣ ከድሬዳዋ