ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ቅዳሜ ለተራቡ የሚሰጥ የምግብ ከረጢት እናሽጋለን።

የተራበ ልጅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ይላል እንጂ አይማርም። ዓይኑ ሰሌዳው ላይ፣ ልቡ ሆዱ ጋ ነው። በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ወደ 150 ሚሊዮን ሕፃናት ቀንጭረዋል፤ ማለትም በምግብ እጥረት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር ሆኗል። ከፅንስ እስከ 2 ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት የጎደለውን በኋላ መሙላት ከባድ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችንና ጨቅላዎችን እናስቀድም።

ባለፈው አንዲት ትንሽ ልጅ ከረጢት አስራ ስትጨርስ፣ «ይሄ ለስንት ቀን ይበቃል?» አለችኝ። ሦስት ቀን ስላት መልሳ ፈታችው። ከራሷ መክሰስ ጨመረችበት። ማንም አላዘዛትም! እኔ ግን እንባዬ መጣ።

እናም ማሸጉን ለልጆቹ እንተውላቸው። ለፎቶ ግን አናሰልፋቸው፤ የሚቀበለውም ልጅ ክብር አለው።

ጠዋት 3 ሰዓት እንገናኝ።