«እናረጋግጣለን» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደሴ ፒያሳ አካባቢ ሰነድ በመተርጎም የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ከደሴና ከኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኤምባሲዎችና የንግድ ድርጅቶች በእንግሊዝኛ በሚጻፉ ደብዳቤዎች ላይ የግስ አመራረጥ ችላ መባሉ ባለጉዳዩን እያጉላላ ስለሆነ ይህን አስተያየት ልኬያለሁ።

ዋናው ችግር ያለው «እናረጋግጣለን» በምንለው ላይ ነው። አንድ ኃላፊ ስለ ሠራተኛው አገልግሎት በፊርማው ሲመሰክር፣ የሰው ኃይል ክፍል ዲፕሎማው እውነተኛ መሆኑን ከሰጠው ተቋም ሲያጣራ፣ ነጋዴ ዕቃው በቀኑ እንደሚደርስ ለደንበኛው ቃል ሲገባ፣ ሆቴልም አልጋ መያዙን ለእንግዳው ሲገልጽ በአማርኛ ሁሉም «አረጋገጡ» ይባላል። እንግሊዝኛው ግን የመጀመሪያውን «ሰርቲፋይ»፣ ማጣራቱን «ቬሪፋይ»፣ ቃል መግባቱን «አሹር»፣ የሆቴሉን «ኮንፈርም» ብሎ ይለያቸዋል። በቅርቡ እጄ የገባ የአንድ የሒሳብ ሠራተኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ቁጥሩና ቀኑ የተሟላ፣ ክብ ማኅተሙም በፊርማው ላይ ያረፈ ሆኖ ሳለ፣ ሰውየው በመሥሪያ ቤቱ ማገልገሉን የገለጸው «ኢንሹር» በሚለው ግስ ነበር። ይህ ግስ አንድ ነገር እንዲሆን ወይም እንዳይጓደል አስፈላጊውን ማድረግ ማለት ስለሆነ ላለፈ አገልግሎት ምስክርነት አይሆንም። በ«አሹር» እንተካው ቢባልም አያዋጣም፤ «አሹር» ዋስትናው የሚሰጠውን ሰው አብሮ መጥራት ይፈልጋልና፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ዋስትናውን የሚቀበል ሰው ያጣል።

«ተቀብለናል» የሚለው ደግሞ ገንዘብ ሊያስከፍል ይችላል። የዋጋ ማቅረቢያ የደረሰው የኮምቦልቻ ፋብሪካ «ሪሲቭ» ቢል ወረቀቱ ደርሶኛል ማለቱ ነው፤ «አክሴፕት» ካለ ግን በዋጋው ተስማምቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ውል የሚመሠረተው በአንዱ ወገን በቀረበ ሐሳብና በሌላው ወገን ተቀባይነት መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ልዩነቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ጣጣ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የ«ጠየቀ»ም ነገር ከዚሁ አይርቅም፤ «ሪክዌስት» በትሕትና መለመን፣ «ሪኳየር» ግዴታ ማድረግ፣ «ዲማንድ» አጥብቆ መጠየቅ ነው።

አንዳንድ ኃላፊዎች «አማርኛው እኮ ትክክል ነው» ብለው ሲከራከሩ እሰማለሁ። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ ሕግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂዎቹ ቢለያዩ አማርኛው የበላይነት አለው። ውጭ አገር ያለው አንባቢ ግን የሚያየው እጁ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በጸሐፊዎች ላይ መደፍደፍ ተገቢ አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከዓመታት በፊት በተዘጋጀ ፋይል ላይ ስምና ቀን እየቀየሩ ነው፣ መዝገበ ቃላት ቢገልጡም ለአብዛኞቹ ግሶች ያው «ማረጋገጥ» ይመጣባቸዋል። ስለዚህ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ከሁለቱ ከተሞች አስተዳደሮች ጋር ተነጋግረው፣ ለሥራ ልምድ፣ ለድጋፍና ለንግድ ደብዳቤዎች የሚያገለግሉ ናሙናዎችን ፈራሚው በእርግጥ ከፈጸመው ተግባር ጋር እያገናዘቡ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። እስከዚያው ድረስ መሥሪያ ቤቶች ከመዝገባቸው አይተው ለሚመሰክሩት ነገር «ሰርቲፋይ»ን ወይም «ኮንፈርም»ን ይጠቀሙ፤ «ቬሪፋይ»ን ግን በእርግጥ ላላጣሩት ጉዳይ አይጻፉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሰነድ ተርጓሚ፣ ከደሴ