ስለዚያ ባንክ ዘራፊ

የኔ ጌታ፣ ትናንት ደውለህ "እማ፣ በናዚ ጊዜ የሰረቀ ሁሉ አርበኛ ነው እንዴ?" ስትለኝ ሥራ ላይ ሆኜ ቶሎ ዘጋሁብህ፣ አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

አምስተርዳም ፍሬድሪክስፕሌን ላይ የወደቀ የነሐስ ዛፍ አለ አይደል፣ እሱ የዋልራቨን ፋን ሃል መታሰቢያ ነው። ሰውየው ናዚዎች ሆላንድን በያዙበት ጊዜ ባንከር ነበር፣ የሠራው ደሞ በማንም ሀገር ሕግ ፎርጀሪ ነው። እሱና ጓደኞቹ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ አስመስለው አሠርተው የውሸቱን ማዕከላዊ ባንኩ ካዝና ውስጥ ከተቱና እውነተኛውን አውጥተው መነዘሩት፣ ወደ 50 ሚሊዮን ጊልደር (የዚያን ጊዜ የሆላንድ ገንዘብ)! ያውም የባንኩ ፕሬዝዳንት ራሱ የናዚ ሰው ሆኖ እያለ። ብሩ ለተደበቁ ሰዎች፣ ለመርከበኞች ቤተሰብ፣ በ1944 ሥራ ላቆሙት የባቡር ሠራተኞች ሄደ። እኔን በጣም የገረመኝ ሂሳባቸው ነው፣ ብር ላበደራቸው ሰው ዋጋ የሌለው አሮጌ አክሲዮን እንደ ደረሰኝ ይሰጡት ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ እሱን አሳይቶ ብሩን እንዲቀበል። ፋን ሃል ግን ያን ቀን አላየም፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1945 ሃርለም ላይ ናዚዎች ረሸኑት፣ ገና 39 ዓመቱ ነበር።

አሁን ደሞ የኖርዌዩን ስማ። በ1942 አይሁዶች ወደ ስዊድን ሲሸሹ ፌልድማን የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ፣ በጫካ መንገድ ድንበር ሊያሻግሯቸው የተረከቧቸው ሁለት ሰዎች እዛው ገደሏቸውና ሬሳቸውን ሐይቅ ውስጥ ጣሉት፣ ብራቸውንም ወሰዱ። በ1947 ፍርድ ቤት ሲቀርቡ "ሰዎቹ ደክመዋል፣ ቢያዙ መንገዱ ሁሉ ይጋለጥ ነበር" አሉ፣ ጁሪው፣ ማለት ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች፣ ከግድያው ነፃ ናችሁ አላቸው።

በጦርነት ጊዜ ሰው ፈርቶ ክፉ ነገር ይሠራል፣ እሱን አልክድም፣ እኔም እዛ ብሆን ምን እንደማደርግ ምን አውቃለሁ። ግን መንገዱን ለማዳን ብሎ የገደለ ሰው የሟች ኪስ ምን ያስበረብረዋል? ፋን ሃል 50 ሚሊዮን በእጁ አልፎ የሰው ብር በደረሰኝ ይይዛል፣ እነዚህ የሁለት ስደተኛ ቦርሳ አላለፋቸውም፣ ለኔ ሌብነቱ የተለየው እዚህ ጋ ነው።

አባትህ ግን "ጁሪው ዘመኑን ከኛ በላይ ያውቀዋል" እያለ እራት ላይ ሲከራከረኝ ነው ያመሸው፣ ቅዳሜ ስትደውል አንተ ራስህ አናግረው እስቲ፣ እኔ ደክሞኛል።

እናትህ