ስሜ የሰፈረበት ደብተር

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። እናታችን፣ ባለቤትህና ልጆቹ እንደምን አላችሁ? እኔ የእግዚአብሔር ስም ይክበር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ለቀቅ አድርጎናል፤ ሥራም አለኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ እየፈለግኩ ድምፄ እምቢ ያለኝን ነው። የስቅለት ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያለ ደብር ጀርመን አገር ከየት ይመጣል፤ በተዋስነው አዳራሽ ምንጣፍ አንጥፈን ነው የምንሰግደው። ካህኑ በስብከታቸው መካከል «ነፍሱንም ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ» የሚለውን የማርቆስ ወንጌል ቃል ሲጠቅሱ አንተ ፊቴ ላይ ድቅን አልክ። ከዚያ በኋላ እንባዬን መግታት አልቻልኩም።

ሊቢያ ውስጥ የያዙን ሰዎች አንድ ደብተር ነበራቸው። ጠርዙ በእጅ እድፍ የጠቆረ፣ ባለ መስመር የተማሪ ደብተር። የእያንዳንዳችን ስም ከነአባታችን፣ ከጎኑም የተጠየቀብን ዋጋ ሰፍሮበታል። ማታ ማታ ያነቡታል። ከፋይ የተገኘለት ስሙ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይሰረዛል፤ ያልተገኘለት ይደበደባል። የእኔ ስም ሲሰረዝ ምን ተሸጦ እንደሆነ አላወቅኩም። ቦራውም ጉራቻውም መሸጣቸውን፣ አንተም መሬትህን ለእኩል ሰጥተህ የሰው የቀን ሠራተኛ መሆንህን የሰማሁት ባሕሩን ከተሻገርኩ በኋላ ነው። ጎጃም ውስጥ በሬ አልባ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አይነገርም።

የኔታ ስለ አዳም የነገሩን ትዝ ይልሃል? ዲያብሎስ «አዳም ገብሩ ለዲያብሎስ፣ ሔዋን አመቱ ለዲያብሎስ» ብሎ የጻፈውን የባርነት ደብዳቤ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል አኖረው፤ ጌታችንም አንዱን ሲጠመቅ፣ ሌላውን ወደ ሲኦል ሲወርድ ደመሰሰው። አዳም ይህን ቀን 5500 ዘመን ጠበቀ ሲሉን ልጅ ስለነበርን ነገሩ ሩቅ ነበር። አሁን ግን ያን ደብዳቤ ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ደብተር ነው። ስሙ በጨካኝ እጅ ተጽፎ ያደረ ሰው፣ ያ ስም በሌላ ሰው ኪሳራ ሲሰረዝለት፣ ስቅለትን እንደ ድሮው አይሰግድም።

ልዩነቱንም እዚያው ስግደት ላይ አየሁት። አንተ የከፈልከው ለወንድምህ ነው፤ አንድ ጡት ጠብተን አድገናል። ጌታ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ እንዳለው ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው የሞተልን። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ደብተር ከያዙት ሰዎች በምን ይሻላል? ለእርሱም ገነት ተከፈተለት። ይህ ይከብደኛል ጋሼ። ቁጣዬ አልበረደም፤ አብሮኝ ታስሮ የቀረውን ልጅ ጩኸት አሁንም እሰማለሁ። ሆኖም ደሙ ለእኔ ፈሰሰ፣ ለእነርሱ ግን አልፈሰሰም ብዬ መስቀሉ ፊት መውደቅ አልቻልኩም። ማታ ካህኑ በወይራው ቅጠል ጀርባዬን ነክተው ስግደት ሲያዙኝ፣ የታዘዝኩትን ጨርሼ ስለ እነርሱም ጨመርኩ። ከልቤ ስለመሆኑ እግዚአብሔር ይመርምረው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የጎረቤታችን ልጅ እኔ በሄድኩበት መንገድ ሄዶ መያዙን፣ መንደሩም ማስለቀቂያ እያዋጣ መሆኑን እናታችን ነገረችኝ። ለበሬህ መግዣ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል፤ አንድ ጥማድ ይገዛል። እርሱን ለልጁ ልስጠው ወይ? ገንዘቡ በእኔ እጅ ይሁን እንጂ በሬዎቹ ያንተ ናቸው፤ ክረምቱም እየቀረበ ነው። ስለዚህ አንተ ሳትፈቅድ አላደርገውም። ከባለቤትህም ጋር ተመካከሩበት፤ የልጆቹ ጉሮሮ ነገር ነውና ቅር ብትሰኝ እውነት አላት። እሺ ካላችሁኝ በማግስቱ እልካለሁ። እስከዚያው ግን ለልጁ እናት ምንም እንዳትነግራት፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሣት ነውር ነው።

ታናሽ ወንድምህ