ለሰይድ፣ አትላንታ

ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰይድ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብዬ አልዋሽህም። አምና ታኅሣሥ የላክህልኝን ፎቶ ያየሁት ፒያሳ ሻይ ይዤ ተቀምጬ፣ በላክህባት ደቂቃ ነው። በዚያ ብርድ ተሰልፈህ፣ ባንዲራ በለበሰው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የካርተር ሬሳ ሣጥን ፊት አልፈህ፣ «ለአባባ አሳይልኝ፤ ያለውን ጻፍልኝ» አልኸኝ። አሳየሁት። መጻፉ ነው የከበደኝ። ከዚያ አባባ ታመመ፣ ግንቦት ላይ ቀበርነው፣ ቀኑም እንዲሁ ሄደ። ለቅሶ ሳትደርስ መቅረትህን አልቆጥርብህም፤ ያልነገርኩህ እኔ ነኝ።

የአባባን ቂም ታውቀዋለህ፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ሰምተኸዋል። ጂሚ ካርተር በ1969 ሥልጣን በያዘ በወሩ ገደማ፣ ደርግ ሰብዓዊ መብት ይጥሳል ብሎ ወታደራዊ ዕርዳታ ቀነሰብን። ደርግም ተቆጥቶ የአስመራውን የአሜሪካ ጦር መገናኛ ጣቢያ፣ ቃኘውን፣ አዘጋ፣ አሜሪካኖቹን አስወጣ፤ መሣሪያውም በዚያው ታገደ። ክረምቱ ላይ የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ገባ። ካራማራ ላይ ለተዋጋ ሰው ታሪክ እዚያው ላይ ያልቃል። አንተ «በየመንገዱ የሚረሸነውስ ልጅ አባባ?» ስትለው ምን እንዳለህ ትዝ ይልሃል? «አንተ ያን ቀን ጅጅጋ አልነበርክም።»

ሰውየውም ብዙ አልቆየ። ቴህራን የታገቱት አሜሪካኖች 444 ቀን ሲቆዩበት ሕዝቡ ፊቱን አዞረበት፣ በሬገን ተሸነፈ፣ ፕሌይንስ ወደምትባል መንደሩ፣ ወደ ኦቾሎኒ እርሻው ተመለሰ። ሌላው ቢሆን ስሙን እየሸጠ ይኖር ነበር። እሱ ከባለቤቱ ከሮዛሊን ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ያንን አንተ በሩ ላይ የተሰለፍክበትን ማዕከል አቋቋመ፣ መዶሻ ይዞ ለድሃ ቤት ሠራ። ያንኑ ደርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሻዕቢያ ጋር እዚያው አትላንታ አስቀምጦ ሊያስታርቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የ1997ቱን ምርጫ ታዛቢነቱን ግን አታንሳብኝ፣ እንጣላለን።

እኔ ልነግርህ የፈለግሁት ስለ ወረንጦው ነው። እማማ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው፤ ኩታበር ስትመጣ አይተኸዋል። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ በግራ እጇ ስባሪ መስታወት ይዛ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ ትነቅላለች። የተነቀለው መልሶ ሲበቅል ይብሳል፤ አጭርና ሹል ሆኖ ብሌኗን ይፍቃል። እኛ «ዓይኗ ያለቅሳል» እንል ነበር እንጂ ትራኮማ መሆኑን ማን አውቆ። በልጅነት ደጋግሞ ይይዝና የዓይኑን ሽፋን ከውስጥ ጠባሳ በጠባሳ ያደርገዋል፤ ኋላ ቆዳው ሲኮማተር ፀጉሩ ይታጠፋል።

የካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር የሚያድለው የትራኮማ ክኒን ሰፈራችን ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሚዛን የለ፣ ምን የለ። ቀለም የተቀባ እንጨት ተተክሎ ሰው ሁሉ በቁመቱ ይለካል፣ ክኒኑም በዚያው ልክ ይቆጠርለታል። አባባ እንጨቱ ሥር ተጠንቀቅ ብሎ ቆመ፣ አራት ደረሰው። ከወዴት እንደመጣ ጠየቀ። ልጅቷ ነገረችው። ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ ዝም አለና «ታንኩን አስቀርቶ ክኒን ላከልኝ» ብሎ ዋጠው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

እማማን ኋላ ጤና ጣቢያ ወስደን ሽፋኗን በቀዶ ጥገና መለሱላት። ማደንዘዣ ወግተው፣ ሰፍተው፣ በዚያው ቀን አንድ ዓይኗን ሸፍና በእግሯ ወጣች። በማግስቱ ሲፈቱላት መጀመሪያ ያለችው «ይሄ ግድግዳ ሳይለሰን ነው እንዴ የኖረው?»

ኖቤሉን እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሸልሙት ግብፅንና እስራኤልን ላስታረቀበት ለካምፕ ዴቪድም ለዚህም ነው አሉ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ማዕከሉ የተዋጋው፣ ከመጠጥ ውሃ ሰው ውስጥ የሚገባው ትል፣ የጊኒ ዎርም ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ሰው ይይዝ የነበረው፣ በ2023 በዓለም ላይ 14 ሰው ብቻ ያዘ። ለዚያውም ክትባት የለው፣ መድኃኒት የለው፤ ውሃ በጨርቅ በማጥለል ነው።

እንግዲህ አባባ ያለውን። ፎቶህን መነጽሩን አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። «ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ። መቶ አልኩት። «የእኔና የሱ ሒሳብ አልተወራረደም» አለ። ስልኩን መልሶ ሰጠኝ። እማማ ከጓዳ «ማነው የሞተው?» ስትል ግን ቀድሞኝ መለሰ፦ «ያ የክኒኑ ሰውዬ። ነፍስ ይማር በይ።» እሱም አብሮ አለ። በዚያ አፉ ይህን ሰምቼ፣ አንዱን ጽፌ አንዱን ልተው እንዴት እንደምችል ጨነቀኝ፤ እንዲህ አሥር ወር ቆየሁብህ።

እማማ ደህና ናት፣ አሁን እኔ ጋ ሸዋ በር ነው ያለችው። ወረንጦው ዛሬም አንገቷ ላይ ነው። ምን ይሠራልሻል ብላት፣ «እሾህ የወጋው ልጅ አይጠፋም» አለችኝ። ስልክ ደውልላት፤ ማታ ማታ ታነሣለች።

ወንድምህ
ጌታቸው