ቀለሙ ይቆይ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የቤት ባለቤት ከሆንሽ ወዲህ የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ መጋረጃ፣ ስለ ምንጣፍና ስለ ቀለም ገጽ ሙሉ ጽፈሽ መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር «የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ጥግ ላይ ቢጫ እድፍ አለ፤ የትኛው ቀለም ይሸፍነዋል?» ብለሻል። እኔ የያዝኩት ያቺን መስመር ነው። ሌላውን አባትሽ በደስታ አንብቦታል።

እድፍ የሚሸፍን ቀለም አለ፤ ጣሪያ የሚያፈስሰውን ውሃ ግን ኮርኒስ በመቀባት ያስቆመ ሰው የለም። ያ ቢጫ ቀለበት ውሃ በዚያ አልፎ መድረቁን፣ ምናልባትም ደጋግሞ ማለፉን የሚነግርሽ ምስክር ነው። ምስክሩን ሳትሰሚ አፉን ብትለስኚው ከላይ ያለው እንጨት ማንም ሳያየው መበስበሱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ከብሩሽ በፊት እርሳስ አንሺ። የእድፉን ዳርቻ ተከትለሽ አስምሪና አጠገቡ ቀኑን ጻፊ፤ ከዚያ ታገሺ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ከመስመሩ አልፎ ከተገኘ ጥፋቱ የጣሪያው ነው። ጠብታ ባልወረደበት ሰሞንም እየሰፋ ከሄደ ቧንቧ ወይም የውሃ ታንከር ፈልጊ። ብርድ በጠናበት ጠዋት ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ ከውጭ የገባ ውሃ ላይሆን ይችላል፤ ከምግብ ማብሰያውና ከመታጠቢያው የሚነሣው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ጣሪያ ሲነካ ተመልሶ ውሃ ሆኖ ነው። ሦስቱ የተለያዩ ባለሙያዎችን ይፈልጋሉ። ሳትለዪ ሰው ብትጠሪ፣ የመጣው ሁሉ የሚያየው የራሱን ሙያ ነው፤ ጣሪያ ሠሪው ጣሪያ ይቀይርልሻል፣ ቧንቧ ሠራተኛውም ግድግዳ ይሰብርልሻል።

ጣሪያው ከሆነ ቀዳዳውን ከእድፉ ትክክል አትፈልጊው። ውሃ ከገባ በኋላ በጣሪያው እንጨት ላይ እየተንሸራተተ ርቆ ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው፤ ስለዚህ ከእድፉ ተነሥተሽ ወደ ጣሪያው ከፍታ አቅጣጫ ፈልጊ። ፀሐይ በደመቀችበት ሰዓት ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ግቢ። እንጨቱን ብቻ እርገጪ፤ ኮርኒሱን ከረገጥሽ ራስሽን የምታገኚው አልጋሽ ላይ ነው። ባትሪሽን አጥፍተሽ ብርሃን የሚያሾልክ ነጥብ እንዳለ ተመልከቺ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያፈስሰው በሚስማሮቹ ዙሪያ ነው። ቆርቆሮው በሙቀት ሲለጠጥ፣ በብርድ ሲኮማተር ሚስማሩ ይላላል፤ ከሥሩ ያለው ጎሚኒም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሌላው ደካማ ቦታ ጣሪያው ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበትና ቱቦ በስቶት የሚወጣበት ነው። መሃል ሜዳው እምብዛም ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው።

አሁን ወደ አሸንዳው። ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ እኔ ግን ቤት አይተሽ ፍረጂ ብባል መጀመሪያ ቀና ብዬ የማየው እሱን ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያሽ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን 20 ሚሊ ሜትር የጣለ ዝናብ 2,000 ሊትር ያወርድብሻል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ወይም የማውረጃው ቱቦ ከግድግዳው እግር ሥር የሚያበቃ ከሆነ ያ ሁሉ ውሃ የሚገባው ወደ መሠረቱ ነው። አፈር፣ በተለይ ሸክላማው፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መሠረቱንም አብሮ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ወደ ውጭ ያዘንብል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ ደግ ነው። አበባ በግድግዳው ጥግ መትከል እንዳማረሽ ጽፈሻል። ትከይ፤ ግን ራቅ አድርገሽ። አፈር ግድግዳ ላይ አትከምሪ፣ በየማታውም መሠረትሽን ውሃ አታጠጪ።

ግድግዳው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብታዪ አትደንግጪ፤ ልስን ሲደርቅ የሚያመጣው ነው። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄደውን፣ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋውን፣ ወይም አንዱ ጎኑ ከሌላው ወጣ ብሎ የሚታየውን ግን ለለሳኝ ሳይሆን ለመሐንዲስ አሳዪ። በሮች ድንገት አልዘጋ ማለት ከጀመሩም ዝም ብለሽ በሩን አታስላጪ።

ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ ይህን ደብዳቤ አስቀምጪና ፈልጊው። ቧንቧ የሚፈነዳው እኩለ ሌሊት ላይ እንደሆነ አድርገሽ አስቢ፤ ያን ጊዜ በጨለማ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ካገኘሽው በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ዝጊው፣ ክፈችው፤ ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ይነክስና በሚያስፈልግበት ቀን እምቢ ይላል። በዚያው የተደበቀ ፍሳሽ መኖሩን ሞክሪ፤ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተሽ የቆጣሪውን ቁጥር መዝግቢ፣ ማንም ውሃ ሳይነካ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰሽ እዪ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ውሃ እየሄደ ነው። መጸዳጃ ቤቱን ከጠረጠርሽ ማጠራቀሚያ ሳጥኑ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምሪበት፤ ሳትለቂው ሳህኑ ውስጥ ቀለም ከታየ ጎሚኒው አልቋል። በሰዓት አንድ ብርጭቆ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ብርጭቆውን 200 ሚሊ ሊትር ብንለው፣ በዓመት ከ1,700 ሊትር በላይ ያፈስሳል። ጎሚኒ መቀየር ራስሽ የምትችዪው ሥራ ነው።

ኤሌክትሪክን አትንኪ። አንቺ የምትሠሪው ሦስት ነገር ብቻ ነው። የትኛው ማጥፊያ የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ ሳጥኑ ላይ ጽፈሽ ለጥፊ፤ ሳጥኑ ውስጥ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለውን የኤሌክትሪክ መቁረጫ አልፎ አልፎ ተጭነሽ መቁረጡን አረጋግጪ፤ ደጋግሞ የሚቆርጥን ብሬከር በትልቅ እንዲቀይርልሽ ማንንም አትጠይቂ። 2,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ በ220 ቮልት 9 አምፒር ያህል ይስባል። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ከሰካሽ 18 ሆነ፤ ሽቦው መጋሉን ብሬከሩ ከአንቺ ቀድሞ ስላወቀ ነው የሚቆርጠው።

ውሃ ማሞቂያው ላይ የግፊት ማስተንፈሻ አለ። ስላንጠባጠበ ብቻ በምንም ዓይነት እንዳትደፍኚው፤ እሱ ከተደፈነ ገንዳው ሊፈነዳ ይችላል፤ ባለሙያ ይየው። ከገንዳው ውስጥ ደግሞ ብረቱን ከዝገት ለማዳን በእሱ ፈንታ የሚበላ የማግኒዚየም ዘንግ አለ። ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ ዘንጉ ካለቀ ዝገቱ ወደ ገንዳው ስለሚዞር በየጥቂት ዓመቱ አስፈትሺው።

ሻጋታ ካየሽ መስኮት ክፈቺ፣ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ፈልጊ፣ ከዚያ እጠቢው። ስታጥቢ በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከአሞኒያ ጋር አትቀላቅይ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ስለ ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜ የሚባለው በየዓመቱ ከቤቱ ዋጋ 1 በመቶ ለጥገና አስቀምጪ ነው። ለአዲስ ቤት ይህ ይተርፍ ይሆናል፤ ላረጀ ቤት ግን አይበቃም፣ የአንቺም ቤት ወጣት አይደለም። ከዚያ ላይ መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ የፈለግሽውን። ምንጣፉ በሚቀጥለው ዓመትም አይጠፋም። ደብተር ያዢ፤ ማን ምን እንደሠራ፣ መቼ እንደሠራ፣ ምን ያህል እንደተከፈለ ጻፊ። ግድግዳ ተሰብሮ ቧንቧ በተቀየረ ቁጥር ከመለሰኑ በፊት ፎቶ አንሺ፤ ወደፊት ሥዕል ለመስቀል ሚስማር ስትመቺ ታመሰግኚኛለሽ።

ጣሪያው ላይ ብቻሽን እንዳትወጪ። ቆርቆሮ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሲያረጅም ሰው አይችልም። አባትሽ በሚቀጥለው ሳምንት መሰላል ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ሲሠራ ቸኩሎ መሰላሉን ቀጥ አድርጎ የማቆም ልማድ አለው፤ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደገፍ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር መራቅ አለበት። ካስፈለገ በሜትር ለክተሽ አሳዪው፣ ወጥቶ እስኪወርድም ከሥር ያዢለት።

እናትሽ